ባቡሩ 4 ደቂቃ፣ መንገዱ 15፦ የአጭር ሜትሮ ተሳፋሪ ለምን ይከፋዋል?

ለንደን ውስጥ ሁለት ጣቢያ ብቻ ያለው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር አለ። ዋተርሉ እና ሲቲ ይባላል። ከዋተርሉ ተነስቶ ባንክ ይደርሳል፤ ከባንክ ተነስቶ ዋተርሉ ይመለሳል። በቃ። መሃል ላይ መውረጃ የለም። ርዝመቱ ከ2.5 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ጉዞው 4 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሥራ የጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የለንደን ሰዎች «ቦዩ» ይሉታል፤ የፍሳሽ ቦይ ማለታቸው ነው። ሳስበው ፍቅርም ቅሬታም ያለበት ስም ነው።

ሰው ለ4 ደቂቃ ጉዞ ያማርራል? ያማርራል። በእኔ እምነት ማማረሩም ልክ ነው። ችግሩ ምሬቱን የምንረዳበት መንገድ ላይ ነው። ቅሬታ ሲበዛ ወንበር ይቀየራል፣ ፉርጎ ይቀባል፣ አዲስ ባቡር ይመጣል። ይህ ክፉ ነገር አይደለም። ነገር ግን አጭር መስመር ላይ ባቡሩ የጉዞው ትንሹ ክፍል ነው። ተሳፋሪው ደስ የሚለውም የሚከፋውም በአብዛኛው ከመሳፈሩ በፊትና ከወረደ በኋላ ነው።

እስቲ አንድ መንገደኛ እንከተል። 2 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ነው። ጣቢያ ይገባል፣ ደረጃ ይወርዳል፣ ካርዱን አስነክቶ በሩን ያልፋል፣ እንደገና ይወርዳል። 4 ደቂቃ በሉት። ባቡሩ በየ8 ደቂቃው የሚመጣ ከሆነ በአማካይ 4 ደቂቃ ይጠብቃል። 4 ደቂቃ ይጓዛል። ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ መንገድ ላይ እስኪደርስ ሌላ 3 ደቂቃ። ድምሩ 15 ነው። ከ15ቱ ባቡር ላይ ያሳለፈው 4ቱን ብቻ ነው። የቀረው 11 ደቂቃ ደረጃ ነው፣ በር ነው፣ ኮሪደር ነው፣ ቆሞ መጠበቅ ነው።

ረጅም መስመር ላይ ይህ 11 ደቂቃ ብዙም አይታወቅም። 40 ደቂቃ የሚጓዝ ሰው ወንበር አግኝቶ ስልኩን ሲያይ፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው፣ የመግቢያው ድካም ይረሳዋል። የአጭር መስመር ተሳፋሪ ለመርሳት ጊዜ የለውም። ገና እንደተደገፈ ይወርዳል።

ደግሞም ደቂቃ ሁሉ እኩል አይደለም። የትራንስፖርት አጥኚዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር ነው፤ ቆመው የሚጠብቁት አንድ ደቂቃ እየተጓዙ ከሚያሳልፉት አንድ ደቂቃ ይረዝማል። ብዙ የጉዞ ስሌቶች የመጠበቂያን ደቂቃ ከጉዞው ደቂቃ ወደ እጥፍ አስጠግተው የሚይዙት ለዚህ ነው። ያ መንገደኛ ሰዓቱ 15 ይበለው እንጂ ልቡ የሚቆጥረው ከዚያ በላይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ይህ ሰው አማራጭ አለው። እግሩ አለ። 2 ኪሎ ሜትር በእግር 25 ደቂቃ ገደማ ነው። ባቡሩ 15 ደቂቃ ከወሰደበት 10 ደቂቃ አተረፈ። ሳይታሰብ 6 ደቂቃ ከዘገየ ትርፉ ወደ 4 ደቂቃ ወረደ፤ ያውም ከፍሎ፣ ተጋፍቶ፣ አየር አጥቶ። እንዲህ ያለው ተሳፋሪ ብዙ ጊዜ ቅሬታ አይጽፍም። አይጮህም። እግሩን ያሳጥራል። አንድ ቀን በእግሩ ይሄዳል፣ በሌላው ቀን ብስክሌት ይይዛል፣ ከዚያ ይጠፋል።

ስለዚህ አጭር መስመር ሲወደድ አይቼ የምጠይቀው ከላይ ያለው መንገድ ምን ይመስላል ብዬ ነው። ኢስታንቡል ያለው ቱኔል 573 ሜትር ብቻ ነው። በ1875 ተከፈተ፤ ከለንደን ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው የከተማ የምድር ውስጥ ባቡር እሱ ነው። ጉዞው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። 573 ሜትር ለእግረኛ ምንም አይደለም፤ ከካራኮይ ወደ ቤዮሉ የሚያወጣው መንገድ ግን ወገብ የሚቆርጥ ዳገት ነው። የእስራኤሏ ሃይፋ ላይም እንዲሁ ነው። በ1959 የተከፈተው ካርሜሊት 1.8 ኪሎ ሜትርና 6 ጣቢያ ነው፤ የሚወጣው ግን የቀርሜሎስን ተራራ ነው። እነዚህ መስመሮች ከእግረኛው ጋር ሲወዳደሩ ዳገቱ ያግዛቸዋል። ሜዳ ላይ የተዘረጋ አጭር መስመር ይህ እርዳታ የለውም።

የዩክሬኗ ድኒፕሮ ደግሞ ሌላውን ጎን ታሳያለች። ሜትሮዋ በ1995 የተከፈተ ነው፤ 6 ጣቢያ አለው። በሶቪየት ዘመን የታቀደው መስመር ከዋናው የባቡር ጣቢያ ተነስቶ በብረታ ብረት ፋብሪካዎች በኩል ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ከከተማዋ መሃል ግን አልደረሰም። ባቡሩ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ጣቢያው ሊያምር ይችላል። ሰው ሊሄድበት ወደሚፈልገው ቦታ ካልወሰደው ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ይህን ጉድለት የትኛውም የእርካታ መጠይቅ አይሞላውም።

ወደ መጠበቅ እንመለስ፤ አጭር መስመር ተስፋም አደጋም ያለው እዚህ ላይ ነው። ባቡሩ ሄዶ ለመመለስ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቆሞ አቅጣጫ የሚቀይርበትን ጊዜ ጨምሮ፣ 12 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። 3 ባቡር ካለን በየ4 ደቂቃው አንድ ይመጣል። 2 ከሆኑ በየ6 ደቂቃው ነው። አንድ ብቻ ከቀረ በየ12 ደቂቃው። ልብ አድርጉ፤ ከ3 ባቡር አንዱ ሲበላሽ ከአገልግሎቱ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። 40 ባቡር የሚሽከረከርበት ረጅም መስመር ላይ አንዱ ቢበላሽ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይውላል። አጭር መስመር መጠባበቂያ የለውም። የአንድ በር ብልሽት፣ የአንድ ነጂ መታመም በዚያው ማለዳ መሳፈሪያው ላይ ይታያል።

ተስፋው ደግሞ የዚሁ ግልባጭ ነው። አጭር መስመር ላይ አንድ ባቡር መጨመር ትልቅ ለውጥ ነው። ከ2 ወደ 3 ስትሄዱ ሰው የሚጠብቀው ጊዜ በሲሶ ይቀንሳል። ባቡሩን አፍጥኖ ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት ግን እጅግ ከባድ ነው፤ ጣቢያዎቹ ስለሚቀራረቡ ባቡሩ ፍጥነት ሳይዝ ማቆሚያው ይደርሳል። የፈረንሳይዋ ሬን ይህን ቀድማ የተረዳች ትመስለኛለች። በ2002 የከፈተችው የመጀመሪያ መስመር 9.4 ኪሎ ሜትርና 15 ጣቢያ ነው። ባቡሮቹ ነጂ የላቸውም፤ ትንንሽ ናቸው፣ ሁለት ሁለት ፉርጎ ብቻ። ትንንሽ ናቸው ግን ቶሎ ቶሎ ይመጣሉ። በየ10 ደቂቃው ከሚመጣ ረጅም ባቡር በየ3 ደቂቃው የሚመጣ አጭር ባቡር ይሻለኛል። ለ4 ደቂቃ ጉዞ ወንበር ባላገኝ አልሞትም። 10 ደቂቃ መገተር ግን አንጀት ያሳርራል።

የባቡሩ ቁጥር ብቻውንም በቂ አይደለም። እኩል ተራርቆ መምጣቱ እኩል ያስፈልጋል። በሰዓት 12 ባቡር አለ እንበል። በየ5 ደቂቃው ከመጡ ሰው በአማካይ 2.5 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚሁ 12 ባቡሮች ተጣብቀው ቢመጡስ? አንዱ ከ9 ደቂቃ በኋላ፣ ተከታዩ በ1 ደቂቃ ልዩነት፣ ከዚያ እንደገና ከ9 ደቂቃ በኋላ። የባቡሩ ቁጥር አልተለወጠም። አማካይ መጠበቂያው ግን 4.1 ደቂቃ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከ10 ሰው 9ኙ የሚደርሰው በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነው።

ግፊያውም የሚወለደው ከዚህ ነው። በደቂቃ 10 ሰው ወደ መሳፈሪያው ይገባል ብለን እናስብ። ባቡሩ 100 ሰው ይይዛል። ከ9 ደቂቃ በኋላ የመጣው ባቡር 90 ሰው ይጭናል። በ1 ደቂቃ የተከተለው 10 ሰው ይጭናል። ቢሮ የተቀመጠው ሰው ሪፖርቱን ሲያይ ባቡሮቹ በአማካይ ግማሽ ባዶ ናቸው። ሐሰት አልተናገረም። መሳፈሪያው ላይ ያለውን ስትጠይቁ ከ10ሩ 9ኙ ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቷል ይላል። እሱም ሐሰት አልተናገረም። አንዱ የቆጠረው ባቡር ነው፤ ሌላው የተናገረው የሰው ኑሮ ነው። የተሳፋሪ እርካታ ሲለካ የሁለተኛው ቁጥር መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ። አስተዳደርና ተሳፋሪ ሳይግባቡ ዓመታት የሚቆጠሩት ብዙ ጊዜ በዚህች ልዩነት ነው።

ጥልቀት ሌላው ጉዳይ ነው። ቡዳፔስት በ1896 የከፈተችው የመጀመሪያ መስመር አብዛኛው ክፍል በአንድራሺ ጎዳና ሥር ይሄዳል። ሲሠሩት መንገዱን ከላይ ቆፍረው፣ ባቡሩን ዘርግተው፣ መልሰው ሸፈኑት። ስለዚህ ከእግረኛ መንገዱ አጭር ደረጃ ወርዳችሁ መሳፈሪያው ላይ ናችሁ። አብዛኞቹ ጣቢያዎች ላይ ሁለቱ አቅጣጫዎች የየራሳቸው መግቢያ አላቸው፤ ተሳስቶ የወረደ ሰው መልሶ ወጥቶ መንገዱን መሻገር አለበት። እሱ ጉድለቱ ነው። ያም ሆኖ ከምድር በጣም ርቆ ከተቆፈረ ጣቢያ ጋር ሲነጻጸር ተሳፋሪው በያንዳንዱ ጉዞ ደቂቃዎች ያተርፋል። ዋሻው ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የሆነው ነው፤ ደቂቃዎቹን ግን ዛሬም ይሰጣል።

ባንክ ጣቢያ ላይ ደግሞ ከዋተርሉ እና ሲቲ መስመር መሳፈሪያ እስከ ላይ ያለው መንገድ ረጅምና ሽቅብ ነው። በ1960 ሰውን እንደቆመ የሚያጓጉዝ ተንቀሳቃሽ ወለል ተገጠመለት። መስመሩ የተከፈተው በ1898 ነው ብያለሁ። 62 ዓመት ሙሉ ሰው ያንን ዳገት በእግሩ ነው የወጣው። ወለሉ ሲገጠም ባቡሩ በአንዲት ሰከንድ አልፈጠነም። የተሳፋሪው ጉዞ ግን ቀለለ። እኔ አጭር መስመር የማሻሻል ኃላፊነት ቢሰጠኝ ገንዘቡን መጀመሪያ የማወጣው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ባቡር መቀየርም እንዲሁ ነው። ፓሪስ ውስጥ 3ቢስ የሚባል መስመር አለ፤ 1.3 ኪሎ ሜትር፣ 4 ጣቢያ። ድሮ የመስመር 3 ጫፍ ነበር። በ1971 መስመር 3 ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲራዘም ይህች ቁራጭ ተለይታ ለብቻዋ ቀረች። ከዚያ በፊት ሳይወርድ ይሄድ የነበረ ሰው ከዚያ በኋላ ጋምቤታ ላይ ወርዶ ባቡር መቀየር ግድ ሆነበት። ርቀቱ ያው ነው። ባቡሩም ያው ሊሆን ይችላል። መውረድ፣ መሄድ፣ እንደገና መጠበቅ ግን ተጨመረ። በርሊን ያጋጠማት ይባስ ነበር። ዩ55 የተባለው መስመር በ2009 ሲከፈት 3 ጣቢያና 1.8 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ከሌላው የከተማዋ ሜትሮ ጋርም ሐዲዱ አልተገናኘም። በታኅሣሥ 2020 ከመስመር ዩ5 ጋር ሲቀጠል ስሙም ጠፋ። ለተሳፋሪው ከዚህ የበለጠ ማሻሻያ አይታየኝም። አንዳንድ አጭር መስመር መድኃኒቱ አጭር መሆኑን ማቆም ነው።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ዋጋ የሚከፍልበት ከተማ ውስጥ ሁለት ጣቢያ የሄደ ሰው ሃያ ጣቢያ ከሄደው እኩል ይከፍላል። ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ዋጋው በርቀት ከሆነ ወይም የወር ቲኬት ካለው ይህ ስሜት ይለዝባል። የኦስትሪያዋ መንደር ሰርፋውስ ነገሩን ከሥሩ ፈታችው። በ1985 የከፈተችው 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የምድር ውስጥ ባቡር በነጻ ነው። የተሠራው መኪና መንደሯን እንዳያጨናንቅ ነው፤ ስለዚህ ሰው መግባቱ ራሱ ትርፍ ነው።

እንግዲህ እርካታን እንዴት እንለካ? በ2002 የወጣ ኢኤን 13816 የሚባል የአውሮፓ የጥራት ደረጃ አለ። የሕዝብ ትራንስፖርትን ጥራት በ8 ይከፍላል፤ አገልግሎቱ መኖሩ፣ መድረስ መቻሉ፣ መረጃ፣ ጊዜ፣ የደንበኛ አያያዝ፣ ምቾት፣ ደኅንነት፣ በአካባቢ ላይ የሚያመጣው ተጽዕኖ። ከዚህ የበለጠ የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው። ደንበኛው የጠበቀውን፣ ድርጅቱ ያቀደውን፣ በተግባር የተሰጠውንና ደንበኛው የተሰማውን ለየብቻ ያያል። አጭር መስመር ላይ «በተግባር የተሰጠው» እና «የተሰማው» በጣም ይራራቃሉ። 5 ደቂቃ መዘግየት ለአንድ ሰዓት ተጓዥ ትንሽ ነገር ነው። ለ4 ደቂቃ ተጓዥ መዘግየቱ ከጉዞው ይበልጣል። ሪፖርቱ ላይ ግን ሁለቱም «5 ደቂቃ» ተብለው አንድ ዓምድ ውስጥ ይገባሉ።

ጃፓናዊው የጥራት ተመራማሪ ኖሪያኪ ካኖ በ1980ዎቹ ያስረዳው ነገርም እዚህ ይረዳናል። አንዳንድ ነገር ሲኖር ማንም አያመሰግንም፤ ሲጠፋ ግን ሁሉም ይቆጣል። የጣቢያ መብራት፣ ንጽሕና፣ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ደረጃ እንዲህ ናቸው። ተሳፋሪን «ከሁሉ በላይ ምን ያስደስትሃል?» ብትሉት ተንቀሳቃሽ ደረጃ አይልም። የቆመ ዕለት ግን ቀኑን ሙሉ ሲያወራው ይውላል። መልሱን ብቻ አይቶ በጀት የሚመድብ ሰው ሽቶ ገዝቶ ደረጃውን ሳይጠግን ይቀራል።

መረጃም ቦታው ወሳኝ ነው። ቀጣዩ ባቡር በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ የሚያሳየው ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰቀለው መሳፈሪያው ላይ ነው። ለረጅም መስመር ደግ ነው። የአጭር መስመር ተሳፋሪ ግን ውሳኔውን የሚወስነው ላይ፣ መንገዱ ላይ ነው። ከታች ከደረሰ፣ ከከፈለ፣ 4 ደቂቃ ከወረደ በኋላ «ቀጣዩ በ11 ደቂቃ» ቢባል ምን ይጠቅመዋል? ተመልሶ አይወጣ፣ ገንዘቡ አይመለስለት። ሰሌዳው ደረጃው አፍ ላይ ይሰቀል። ወጪው ትንሽ ነው፤ ተሳፋሪውን እንደ አዋቂ ማክበርም ነው።

እስካሁን ያወራሁት መሄድ ስለሚችል ሰው ነው። የማይችልም አለ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ፣ ጉልበቱ የማይታዘዝለት አረጋዊ፣ የሕፃን ጋሪ የያዘች እናት። ለእነሱ 2 ኪሎ ሜትር በእግር የሚባል አማራጭ የለም። ባለ ሁለት ጣቢያ መስመር ላይ አንድ ሊፍት ከተበላሸ መስመሩ በሙሉ ለእነሱ ተዘጋ። በቀጣዩ ጣቢያ ወርጄ ልመለስ ማለት አይቻልም፤ ቀጣይ ጣቢያ የለማ። ኒው ዮርክ ውስጥ ታይምስ ስኩዌርንና ግራንድ ሴንትራልን የሚያገናኘው የ42ኛ ጎዳና ባቡር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሐዲዱ በ1904 የተዘረጋ ነው፤ ከ1918 ጀምሮ በሁለቱ መካከል ብቻ ይመላለሳል። በ2021 በተጠናቀቀው እድሳት ከ3 ሐዲድ ወደ 2 ዝቅ አሉ፤ ባቡሮቹ ወደ 6 ፉርጎ ረዘሙ፤ መሳፈሪያው ሰፋ፤ በተሽከርካሪ ወንበርም መግባት ተቻለ። ሐዲድ መቀነስ ኪሳራ ይመስላል። ለሰው መቆሚያ ቦታ የተገኘው ግን ከዚያ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ዓመቱ ነው። ከ1918 እስከ 2021 ስንት ሰው ደረጃው አፍ ላይ ቆሞ ተመለሰ?

እነዚያ ሰዎች በአንድም የእርካታ ጥናት ውስጥ የሉም። ጠያቂው ባቡር ውስጥ ከቆመ የሚያገኘው የተሳፈረውን ብቻ ነው። የጠፋውን አያገኘውም። ስለዚህ አንዳንድ መስመር ላይ ተሳፋሪ እየቀነሰ የእርካታ ነጥብ ከፍ ሊል ይችላል፤ የተከፋው ወጥቶ ያልተከፋው ስለቀረ። ጠያቂው ወረቀቱን ይዞ ከፉርጎው ይውጣ። ማለዳ ደረጃው አፍ ላይ፣ ሰሌዳውን አይቶ ወደ እግረኛ መንገዱ የዞረውን ይጠይቀው። ከዚያ ሊፍቱ ጋ ሄዶ «ተበላሽቷል» የሚለውን ወረቀት አንብባ ጋሪዋን ያዞረችውን ይጠይቃት።